ቆሻሻው የት ሄደ?

ቅዳሜ ጠዋት፣ ለጽዳት ዘመቻው ያዘጋጀሁትን ንግግር መስታወት ፊት ቆሜ ስለማመድ፣ ታላቅ እህቴ ኩሽና ውስጥ ለሚስቴ የምትነግራት ነገር በመስኮቱ ገባ። "ሐሙስና አርብ መንገዴን አትጥረጊ ተባልኩ" ትላለች። "ከላይ የመጣ ትእዛዝ ነው አሉኝ፣ ተውኩት። ትናንት ማታ ተቆጣጣሪው መጥቶ መንገዱ ለምን ቆሸሸ ብሎ ማስጠንቀቂያ ጻፈብኝ። ሁለተኛዬ ነው። ሦስተኛ ከተጻፈብኝ ስንብት ነው፤ ጡረታዬ ደጃፌ ላይ ቆሞ።" ሚስቴ "እንዲህ ያለ ትእዛዝ የሚሰጠው ማነው?" አለቻት። "የኳስ ቡድኑ ባለቤቶች ከስታዲየሙ በር እስከ አደባባዩ ሊጠርጉ ነው አሉ። የሚጠረግ እንዳያጡ ይጠራቀምላቸው ተብሎ ነው።" ከዚያ በኋላ የብርጭቆ ድምፅ ብቻ ተሰማ። ሚስቴ ወሬ የምታቋርጥ ሴት አይደለችም፤ ስታቋርጥ ግን ዝምታዋ ግድግዳ ያልፋል። እህቴም ስታወራ ሁልጊዜ ድምፅዋን ዝቅ ታደርግ ነበር፤ ያን ጠዋት ያላደረገችው እኔ እንድሰማ መሆኑ የገባኝ በኋላ ነው። ንግግሬ "ቤቱን ሳይጠርግ እንግዳ የሚጠራ አይኑር" የሚለው ላይ ደርሶ ነበር። እዚያው ቆመ።

ከባለቤቶቹ አንዱ እኔ ነኝ። የቧንቧ ዕቃ ነጋዴ ነኝ፤ የእጅ መታጠቢያ፣ የመጸዳጃ መቀመጫ፣ ሲፎን እሸጣለሁ፤ ስለ ኳስ የማውቀው ክብ መሆኗን ብቻ ነው። ቡድኑን ያቋቋመው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሲዘጋ፣ ከተማው በሙሉ "ቡድናችን ሜዳ ላይ ሊቀር ነው" ብሎ ሲያዝን፣ አሥራ አንድ ነጋዴዎች ተሰብስበን ገዛነው። አሰልጣኙ ቁጥራችንን ሲሰማ "እነሱው ቢገቡ አይሻልም?" አለ ይባላል። እውነቱን ለመናገር እኔ የገባሁት ለከተማው አዝኜ አይደለም። ሰው ሥራህ ምንድን ነው ሲለኝ "ሲፎን እሸጣለሁ" ከማለት "የቡድን ባለቤት ነኝ" ማለት ደረት ያስነፋል። ደጋፊው ግን አይምርም። ወደ ክብር ትሪቡን ስወጣ "ቧንቧው መጣ" ይላል፤ ግብ በገባብን ቁጥር ደግሞ "ቧንቧው ፈነዳ" ይላል። ዘንድሮ ብዙ ጊዜ ፈንድቻለሁ።

ከመጨረሻ ሁለተኛ ነን። የዱቄት ፋብሪካ ያለው ሰብሳቢያችን "ሕዝቡ ኳሳችንን ካልወደደ እኛን ይውደድ" ብሎ የማኅበራዊ አገልግሎት ክፍል ይቋቋም አለ። ኃላፊው ሲመረጥ እኔ ስልክ ላነጋግር ወጥቼ ነበር፤ ስመለስ አጨበጨቡልኝ። መጀመሪያ ደም እንለግስ አልን፤ ስንመረመር ግማሾቻችን ስኳር፣ ግማሾቻችን ግፊት ያለብን ሆነን ተገኘን። ዛፍ እንትከል አልን፤ እስክንነጋገር ዝናቡ አለፈ። የቀረው ጽዳት ነበር። ሄጄ መንገዱን ሳየው ደግሞ አመድ እንኳ የለበትም። ካሜራ ጠርተን ንጹሕ አስፋልት ልንዳብስ ነው? ስለዚህ ማዘጋጃ ቤት ደወልኩና "ሁለት ቀን ተዉልን" አልኩ። የሚጠርገው ማነው ብዬ አልጠየቅሁም። እህቴ ጠራጊ መሆኗን አውቃለሁ፤ የትኛውን መንገድ እንደምትጠርግ ግን አንድ ቀን ጠይቄያት አላውቅም። እንግዳ ሲጠይቀኝ "ማዘጋጃ ቤት ናት" እላለሁ። ውሸትም አይደለም።

ቁርስ ላይ ተቀመጥን። ምግብ ቤታችን ስድስት ወንበር አለው፤ ፕላስቲካቸው እስካሁን አልወለቀም፤ የሚቀመጥባቸው ሰው ሱሪው ላይ እየተጣበቀ ሲነሳ ይጮኻሉ። እትዬ እነሱ ላይ አትቀመጥም። በሩ አጠገብ ያለች ዱካ ላይ ተቀምጣ፣ ሻይዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ዳቦዋን ትነክራለች። እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ "ማሙሽ" ትለኛለች። ፀጉሬ ሸብቶ፣ ሆዴ ከእኔ ቀድሞ በር እየገባ፣ አሁንም ማሙሽ። ባለፈው ባለቤቶቹን ምሳ ስጠራ "እትዬ፣ ሰዎቹ ፊት ማሙሽ ባትይኝ" አልኳት። "ታዲያ ምን ልበልህ?" አለች። "ምንም" አልኳት። እንዳልኳት አደረገች፤ ምሳው እስኪያልቅ ምንም አላለችኝም። ከዚያም ወዲህ ሰው ባለበት ሁሉ እንዲያው ናት።

"ዛሬ ማንም አትጥረጊ ቢለኝ አልሰማሁም" አለች እትዬ፣ ለሚስቴ ይሁን ለሻይዋ ሳይታወቅ። "ሳይነጋ ሄጄ ጥርት አድርጌ መጣሁ። ሦስት ሰዓት ላይ ተቆጣጣሪው ይዞራል። ይየውና ይጻፍ እንግዲህ።" ሚስቴ አየችኝ። እኔ ዳቦውን አየሁት። በዚያች ደቂቃ "እትዬ፣ የደወልኩት እኔ ነኝ፤ አሁኑኑ ደውዬ አስተካክለዋለሁ" ማለት ይቻል ነበር፤ ዐሥር ቃል አይሞላም። ለዘመቻው ሁለት ገጽ ንግግር ያዘጋጀ ሰው ዐሥር ቃል አጣ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። "ዳቦው ዛሬ ጥሩ ነው" አልኩ። እትዬ "የትናንት ነው" አለች።

ስታዲየሙ በር ላይ ስደርስ ጓደኞቼ ተሰልፈዋል። ሁላችንም ሰማያዊ ሰደርያ ለብሰናል፤ ጀርባው ላይ "ከተማችን ቤታችን" ይላል፤ ፊደሉ ከሆዳችን ጋር ስለተለጠጠ ለማንበብ ወደኋላ ራቅ ማለት ያስፈልጋል። መጥረጊያዎቹ ከውጭ የመጡ ናቸው፤ እጀታቸው ጎማ የለበሰ ነው፤ የአንዱ ዋጋ ከአንድ የእጅ መታጠቢያ ይበልጣል፤ ይህን የማውቀው የእጅ መታጠቢያ ስለምሸጥ ነው። ተጫዋቾቹ ከሰዓት ጨዋታ ስላለባቸው እያዛጉ ግድግዳ ተደግፈዋል። በጠዋት ቲኬት ሊገዙ የመጡ ደጋፊዎች ሰልፋቸውን ትተው ከበውናል። ካሜራ የያዘው ሰው እየተቁነጠነጠ ሰዓቱን ያያል። ሰብሳቢው መሐል መንገድ ላይ ቆሟል፤ አንዴ ወደ አደባባዩ፣ አንዴ ወደ በሩ ያያል። አስፋልቱ ተላጭቶ የተቀባ ራስ ይመስላል። ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞረ፤ ፊቱ ልጅ የጠፋበት ሰው ፊት ነበር።

"ቆሻሻው የት ሄደ?" አለኝ።

"ተጠረገ።"

"ማን አባቱ ነው የጠረገው? ምክትል ከንቲባው መንገድ ላይ ናቸው እኮ። የማኅበራዊ አገልግሎት ኃላፊ አንተ ነህ፤ አምጣ።"

"ከየት?"

"እሱን አንተ ታውቃለህ።"

ማወቅስ አውቄዋለሁ። ባለፈው ጨዋታ ከትሪቡኑ ስር የተሰበሰበው ቆሻሻ በጆንያ ተሞልቶ ልብስ መቀየሪያው ጀርባ ተቀምጧል፤ ስታዲየሙን የሚያጸዱትን ሰዎች ወጪ እንቀንስ ብለን ካሰናበትን ወዲህ የሚያነሳው የለም። ያሰናበትናቸውም በሙሉ ድምፅ ነው። ከተጫዋቾቹ መሐል በረኛችንን ይዤ ሄድኩ፤ ረጅም፣ ቅን፣ እጁ ግን ምንም የማይዝለት ልጅ ነው። ጆንያዎቹን እየጎተትን ስንወጣ ለራሴ የማስረዳው ነገር ነበረኝ፤ እንበትናለን፣ ምክትል ከንቲባው ይመጣሉ፣ ካሜራው ያነሳል፣ እንጠርጋለን፣ ተቆጣጣሪው ሲደርስ መንገዱ እንደነበረው ንጹሕ ነው፤ እትዬም ምንም አትሆን። ሰው ጥፋት ሲሠራ ሒሳቡ እንዴት እንደሚቀናለት! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ። እኛ ሳንቸኩል፣ በሰብሳቢያችን ትእዛዝ ነው ያፈሰስነው።

መበተንም ሙያ እንደሚፈልግ ያን ቀን አየሁ። መጀመሪያ በረኛው አንድ ጆንያ አንድ ቦታ ዘረገፈው። ሰብሳቢው "እንደዚህ ሰው የጣለው አይመስልም፣ በተን በተን አድርጉት" አለ። በረኛው የቀኙን ዳር፣ እኔ የግራውን ይዘን ሄድን፤ የውሃ ፕላስቲክ፣ የቲኬት ቁራጭ፣ የለውዝ ገለባ፣ ሙዝ ልጣጭ እንደ ጨው በተንነው። ደጋፊው ያጨበጭባል፤ "ቧንቧው፣ ወደ መስመር አሻግር" የሚለኝም ነበር። ከሁለተኛው ጆንያ ፎቶአችን ወጣ። በውድድሩ መክፈቻ የአሥራ አንዳችንን ፊት በትንንሽ ካርድ አሳትመን ለደጋፊ አድለን ነበር፤ ደጋፊውም ያደረገበትን አድርጎ ጥሎታል። የእኔ ግንባር ላይ የጫማ ሶል በደንብ ይነበባል። እሱንም በተንኩት። ራሴን በገዛ እጄ መንገድ ላይ ጥዬ ቀና ስል ምክትል ከንቲባው አልመጡም፤ ተቆጣጣሪው ግን በሞተር ብስክሌቱ እየመጣ ነበር። ቀድሞ የሚመጣ ባለሥልጣን ሁልጊዜ ትንሹ ነው።

ከማዶ ደግሞ፣ ከግንቡ ጥግ፣ እትዬ ጋሪዋን እየገፋች መጣች። መንገዱን አየችው። ሰው ሲደነግጥ ይጮኻል ወይም አፉን ይይዛል፤ እትዬ ግን መጥረጊያዋን ከጋሪው መዝዛ መጥረግ ጀመረች። ቶሎ ቶሎ፣ አጎንብሳ፣ ማንንም ሳታይ፣ ተቆጣጣሪው ሳይደርስ ልትጨርሰው። ልጅ ሆኜ ምንጣፍ ላይ የሸናሁ ቀን አባታችን ሳይገባ ልታደርቀው እንዲሁ ነበር የምትጣደፈው። ያ ትዝ አለኝ። እግሬ ግን ከቆመበት አልተነቃነቀም። እጄ ላይ ባዶ ጆንያ አለ፤ ጆንያው ላይ የቡድናችን ማኅተም አለ።

ተቆጣጣሪው ሞተሩን አቆመ። ወጣት ነው፤ ጫማው ያበራል። እኛን ሲያይ ባርኔጣውን አነሳ፣ እሷን ሲያይ መልሶ ደፋው። "እሜቴ፣ ትናንት አስጠንቅቄሽ ዛሬም እንዲህ? በእንግዳ ቀን? ሦስተኛ ነው እንግዲህ" አለና ደብተሩን አወጣ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው፤ አሥራ አንድ አህያ ሰደርያ ለብሶ ፊቱ ቆሞ። እትዬ ቀና አለች። "ጠርጌዋለሁ" አለች። ዓይኗ እኔ ጋ መጣ፣ ጆንያው ጋ ወረደ፣ እንደገና እኔ ጋ ወጣ። ሁሉንም ነገር አየች። ከዚያ መጥረጊያዋን ይዛ እኔ የቆምኩበት ድረስ መጣችና ጫማዬ አጠገብ ያለውን ልጣጭ እያየች "ጌታዬ፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ" አለችኝ።

የሰደቡኝ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ስታዲየም ሙሉ ሰው እናቴን እየጠራ ሰድቦኛል። እንደዚያ ያመመኝ ቃል ግን የለም። ፈቀቅ አልኩ፤ መጀመሪያ ያደረግሁት ይህንን ነው፣ ታዝዤ ፈቀቅ ማለት። ከዚያ "እኔ ነኝ የበተንኩት" የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ የራሴ ነበር፣ ቀጠን ያለ፣ ለንግግር የማይሆን። "ሐሙስና አርብ አይጠረግ ብዬ የደወልኩትም እኔ ነኝ። እሷ ሌሊቱን ጠርጋው ነበር።"

ሰብሳቢው እግሬን ረገጠኝና ሳቀ። "ኃላፊያችን ሩኅሩኅ ነው፤ የሠራተኛ ችግር አይችልም" አለ ለካሜራው። ምክትል ከንቲባው ለካ መጥተው ከመኪናቸው እየወረዱ ነበር፤ እሳቸውም አዝነው ራሳቸውን ነቀነቁልኝ። ተቆጣጣሪው "ጋሼ፣ እንዲህ እየታዘነ ነው ሥራ የሚበላሸው" ብሎ እስክሪብቶውን ከኪሱ መዘዘ። ዕድሜ ልኬን ስዋሽ የሚያምነኝ ሞልቶ፣ አንድ ቀን እውነት ብናገር ደግነት ተባለልኝ።

"እህቴ ናት" አልኩ። "ያሳደገችኝ እህቴ ናት። ቤቴ ነው የምትኖረው።"

ተቆጣጣሪው ወደ እሷ ዞረ። "እውነት ነው?"

"እኚህን ሰውዬ አላውቃቸውም" አለች እትዬ። መጥረጓን አላቆመችም። "ደግ ሰው ይመስላሉ።"

ልታዋርደኝ ብላ ይሆን ወይስ ልትሸፍነኝ፣ ዛሬም ጠይቄያት አልነገረችኝም። እኔ እንደሚመስለኝ ምሳው ቀን ያልኳትን ነው ያደረገችው፤ ሰዎቹ ፊት ምንም አትበይኝ ብያት የለ? ጡረታዋ ከእጇ እየወጣ እንኳ ቃሌን ጠበቀችልኝ። ጆንያውን ጣልኩትና ተከተልኳት። "እትዬ" አልኳት፣ "ማሙሽ በይኝ።" ደጋፊው ሳቀ። ዞሬ እንኳ አላየሁም። "እትዬ፣ በናትሽ፣ እዚሁ ሰው ሁሉ እየሰማ ማሙሽ በይኝ።" አላለችኝም። ልጣጩን ጋሪዋ ላይ አደረገች።

ያን ጊዜ በረኛው ግድግዳውን ለቆ መሐል መንገድ ገባ። "አብረን ነው የበተንነው" አለ። "የቀኙን ዳር እኔ፣ የግራውን እሳቸው። ልብስ መቀየሪያው ጀርባ ገና አራት ጆንያ አለ፤ ካላመናችሁ ላምጣ።" ዘንድሮ በረኛችን በሰዓቱ ወጥቶ ያዳነው ይህቺን ብቻ ነው። ደጋፊውም "አይተናል፣ አይተናል" እያለ መሰከረ። ምክትል ከንቲባው ትንሽ አሰቡ፤ መጀመሪያ ካሜራውን "አጥፋ" አሉት፤ ቀጥለው ተቆጣጣሪውን "ደብተርህን ዝጋ" አሉት። ለእኔ "ሰኞ ቢሮ መጥተው ቃልዎን ይስጡ፤ የትናንቱም ይነሳል" ብለውኝ መኪናቸው ውስጥ ተመለሱ። ዘመቻው በዚሁ አበቃ። ሰብሳቢው ሰደርያውን እያወለቀ ከማኅበራዊ አገልግሎት ኃላፊነቴ መነሳቴን ነገረኝ፤ በሕይወቴ ካገኘሁት ሹመት ሁሉ የተሻለው ይህ መሻር ነው። ባለቤቶቹ መኪናቸው ውስጥ ገብተው ሄዱ። አሥር አዳዲስ መጥረጊያ ግድግዳው ላይ ተደግፎ ቀረ። ቆሻሻውም እንዳለ ቀረ።

እትዬ በግራው ዳር መጥረጓን ቀጥላለች። እኔ አሥራ አንደኛውን መጥረጊያ ይዤ በቀኙ ዳር ገባሁ። ለንግግር የለበስኩት ጫማ አስፋልት ላይ ያዳልጣል፤ መጥረጊያውን ስገፋው ቲኬቶቹ ወደፊት ይሄዱና ነፋሱ መልሶ ጫማዬ ላይ ያለብሳቸዋል። ወገቤ ከመጀመሪያው መብራት ምሰሶ አላለፈም፤ እሷ በየቀኑ እስከ አደባባዩ ትሄዳለች። ቤት ውስጥም ብዙ አንነጋገርም፤ ይህኛው ዝምታ ግን እየተጠረገ የሚሄድ ዓይነት ነበር። ፎቶዎቹ ጋ ስትደርስ ቆመች። ሰብሳቢውን ጠረገችው፤ ሌሎቹንም ጠረገቻቸው። የእኔን ግን ጎንበስ ብላ አነሳችው፣ ግንባሬ ላይ ያለውን የጫማ ሶል በአውራ ጣቷ አሸት አሸት አደረገችውና ኪሷ ከተተችው። እንዳላየ ሆንኩ። ዓይኔ ውስጥ ግን አቧራ ገባ፤ አቧራ ነው ብዬ ነው የምናገረው።

"ማሙሽ!" አለች ድንገት ከማዶ፣ መንገዱን በሚያቋርጥ ድምፅ። "ነፋሱን ጀርባህ ላይ አድርገህ ጥረግ እንጂ! ቀኑን ሙሉ ያንኑ ቲኬት ስትገፋ ልትውል ነው?"

ዞርኩና ነፋሱን ጀርባዬ ላይ አደረግሁት። የቲኬቱ ሰልፍ ሰምቷል። አንዱ "ማሙሽ" አለ፣ ሌላው ተቀበለው፣ ተሳሳቁ። ቧንቧው የሚባለው ሰው ያን ጠዋት ሞተ።

ከሰዓት በኋላ ክብር ትሪቡኑ ላይ በግራዬም በቀኜም ወንበሩ ባዶ ነበር፤ ባለቤቶቹ ሦስት ረድፍ ርቀው ተቀምጠዋል። ስለዚህ ለእትዬ ቦታ አላነሳትም። የሥራ ልብሷን ሳትቀይር፣ ጋሪዋን በሩ ላይ ለጠባቂው አደራ ሰጥታ መጣች፤ ስታዲየሙን ዕድሜዋን ሙሉ በውጭ በኩል ስትጠርግ ኖራ ገብታ አታውቅም። ጨዋታው በተጀመረ በጥቂት ደቂቃ ግብ ገባብን፤ በረኛችን ኳሷን በዓይኑ ሸኛት። "ቧንቧው ፈነዳ" ያለ የለም። መጀመሪያ ከማዶ ጥግ፣ ቀጥሎ ከግቡ ጀርባ፣ በመጨረሻ ስታዲየሙ በሙሉ እያጨበጨበ "ማ-ሙሽ! ማ-ሙሽ!" ማለት ጀመረ። ሦስት ረድፍ ማዶ ሰብሳቢው ፊቱን በእጁ ሸፈነ። እኔ የት እንደምገባ ጠፍቶኝ ብድግ ብዬ እጄን አወዛወዝኩ።

እትዬ ያን ሁሉ ሕዝብ ከዳር እስከ ዳር በዓይኗ ዞረችው፤ ቅር ብሏታል። ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለችና "ይሄ ሁሉ ሰው ነው እንዴ ያሳደገህ?" አለችኝ።